ሮብዓም ልጅ አልነበረም

ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አራት ጊዜ ስልኬ ላይ ገባ። አንዴ ከአጎቴ፣ አንዴ ከድሮ የክፍል ጓደኛዬ፣ ሁለቴ ደግሞ ከጽዋ ማኅበር ልጆች። አጎቴ ከሥሩ «ይህን አንብብና መልስ ካለህ እንያው» የምትል መስመር ጨምሮበታል። ነገሩ ስለ ጥንቷ እስራኤል አገዛዝ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቋንቋው ያምራል። ጥቅሶቹም አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። ግን ጸሐፊው ጥቅስ ሲያወጡ መቀሱን የሚያሳርፉበት ቦታ ያስቸግራል። ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ያነበበ ሰው ሌላ ታሪክ ያገኛል።

እንዳላጣምምባቸው ሐሳባቸውን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ንጉሥ ከመምጣቱ በፊት እስራኤል ሥርዓት አልባ ነበረች ይላሉ። ሁለተኛ፣ ንጉሡ የተቀባ ስለነበረ ከሕግ በላይ ነበር፤ የሚጠይቀው አልነበረም። ሦስተኛ፣ መንግሥቱ ለሁለት የተከፈለው ገና ልጅ የነበረው ንጉሥ ሮብዓም (የሰሎሞን ልጅ) ስለተሳሳተና የሰሜን ነገዶች በዘረኝነት ስለከዱ ነው። አራተኛ፣ ነቢያት የቤተ መንግሥት አማካሪዎች ነበሩ። አምስተኛ፣ የተራው ሰው ድርሻ መታዘዝ ብቻ ነበር። ከዚያ በመነሣት «ለእኛም የሚበጀን አንድ ጠንካራ ሰው ነው» ብለው ይደመድማሉ።

የዛሬውን ፖለቲካ እዚህ አላነሣም። ጠንካራ መሪ ይሻለኛል ማለት የማንም ሰው መብት ነው። ግን ጥንቷን እስራኤልን ምስክር አድርገው ከጠሯት፣ ቃሏን እስከ መጨረሻው መስማት አለብን።

ጸሐፊው የሚነሡት ሁላችንም ከምናውቀው የመጽሐፈ መሳፍንት ቃል ነው፤ በእስራኤል ንጉሥ አልነበረም፣ ሰው ሁሉ በፊቱ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ ነበር። እሺ። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ይሰቀጥጣሉ። በጊብዓ በአንዲት ሴት ላይ የተፈጸመው ግፍ፣ ከዚያም የብንያም ነገድ ሊያልቅ እስኪደርስ የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ሥርዓት ያለው አገር ታሪክ አይደለም። ይህን ነጥብ ለጸሐፊው እሰጣለሁ።

ግን እኛ ይህን መጽሐፍ ስናነብ አንድ ነገር ያሳስተናል፤ ስሙ። «መሳፍንት» ሲባል እኛ የምናስበው ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. የነበረውን የራሳችንን ዘመነ መሳፍንት ነው። ራሱ ከደጃዝማቹ፣ ደጃዝማቹ ከራሱ፣ እያንዳንዱ ጦሩን አስከትሎ አገር ሲያምስ። ስሙን ከመጽሐፉ ወስደን ለራሳችን መከራ ሰጠነው፤ አሁን ደግሞ የራሳችንን መከራ ይዘን ወደ መጽሐፉ እንመለሳለን። ዲቦራን እንይ። ጦር የላትም፣ ግንብ የላትም። በራማና በቤቴል መካከል ከአንድ ዘንባባ ሥር ትቀመጣለች፤ ሰዎች ሙግታቸውን ይዘው ወደ እሷ ይወጣሉ። በቃ፣ «መስፍን» ማለት ይህ ነው። ጦርነት ሲመጣ ባርቅን አስጠርታ ነገዶቹን ታስተባብራለች። ምዕራፍ 5 ላይ ያለው መዝሙር የመጣውንና የቀረውን በስም ይጠራል። ሮቤል ከበጎቹ በረት አልወጣም። ዳን መርከቡ ዘንድ ቀረ። አሴር በባሕሩ ዳር ቁጭ አለ። ምን ተደረጉ? በግጥም ተነቀፉ። ሌላ ቅጣት አልተጻፈባቸውም። ይህ ደካማ ኅብረት ነው፣ አዎ። ግን ደካማ መሆንና አለመኖር ይለያያሉ።

ከዚያም በፊት ቢሆን ባዶ ሜዳ አልነበረም። በዘጸአት 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶት «ትደክማለህ» አለው። የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ ሹም፤ ትልቁ ነገር ብቻ ወዳንተ ይምጣ አለው። ቃላቱን ለአንድ ጡረታ የወጣ ወታደር ብታነቡለት የማዕረግ ዝርዝር የምትነግሩት ይመስለዋል። ሥልጣንን ማከፋፈልን የመከረው ደግሞ የምድያም ካህን ነው፤ የውጭ ሰው። ሙሴም «በውስጥ ጉዳያችን አትግባ» አላለውም።

ጸሐፊው ጨርሰው ያለፉት ሰው ግን አቢሜሌክ ነው። በዚያ ንጉሥ አልነበረም በሚባልበት ዘመን አንድ ሰው ነግሦ ነበር እኮ! አባቱ ጌዴዎን «ግዛን» ሲሉት፣ እኔም አልገዛችሁም ልጄም አይገዛችሁም፣ እግዚአብሔር ይገዛችኋል ብሎ እምቢ አለ። አቢሜሌክ ግን ከሴኬም ሰዎች 70 ብር ተቀበለ፣ ወሮበሎች ቀጠረ፣ 70 ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ አረደ። ከነዚያ ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ ያንን የዛፎች ተረት ተናገረ። ዛፎች ንጉሥ ፈለጉ። ወይራ ዘይቴን ትቼ አልመጣም አለች። በለስም፣ ወይንም እንደዚሁ። በመጨረሻ እሾሃሙ ቁጥቋጦ «ኑና ከጥላዬ በታች ተጠለሉ» አላቸው። እሾህ ምን ጥላ አለው? አቢሜሌክ ሦስት ዓመት ገዛ። ሴኬምን ራሷን አፈረሳት፤ እሱም በተቤስ አንዲት ሴት ከግንብ ላይ በጣለችው የወፍጮ ድንጋይ አናቱ ተፈጠፈጠ። ስለዚህ «ንጉሥ ሲመጣ ትርምሱ ቆመ» የሚለው ቀመር ገና በመጀመሪያው ሙከራ ከሽፏል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ንጉሡ ከሕግ በላይ ነበር?

ዘዳግም 17 ንጉሥ ይኑር ካላችሁ ብሎ ዝርዝር ያወጣል። ፈረስ አያብዛ። ሚስት አያብዛ። ብርና ወርቅ ለራሱ እጅግ አያብዛ። የዚህን ሕግ ግልባጭ ለራሱ ይጻፍ፣ ዕድሜውን ሁሉ ያንብበው፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ አይኩራ። የእኛው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገረው በ44ኛው አንቀጽ ላይ ይህንኑ ክፍል ነው የሚያመጣው። ሳኦል ሲነግሥም ሳሙኤል የመንግሥቱን ሥርዓት ለሕዝቡ ተናግሮ፣ በመጽሐፍ ጽፎ በእግዚአብሔር ፊት አኖረው (1ኛ ሳሙኤል 10፥25)። ቅባቱና የተጻፈው ሥርዓት አብረው ነው የመጡት። ዳዊትም የሰሜኖቹ ንጉሥ የሆነው ሽማግሌዎቻቸው ወደ ኬብሮን መጥተው ቃል ኪዳን ከተጋቡ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለሰባት ዓመት ከስድስት ወር የይሁዳ ብቻ ንጉሥ ነበር።

«ወረቀት ላይ ሁሉም ይጻፋል፣ በተግባርስ?» የሚል ካለ ልክ ነው፤ ተግባሩን እንይ። ሳኦል በጦርነት ቀን እህል የቀመሰ ይሙት ብሎ ማለ። ልጁ ዮናታን ሳያውቅ ማር ቀመሰ። ንጉሡ «ትሞታለህ» ብሎ ፈረደ። ወታደሩ ግን ከራሱ ጠጉር አንዲት አትወድቅም ብሎ ከንጉሡ እጅ አዳነው። የንጉሡ የሞት ፍርድ በራሱ ጦር ተሻረ፤ ማንም ደግሞ ለዚህ አልተቀጣም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የናቡቴ ታሪክ ነው። አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለች የወይን ቦታ ፈለገ። ለአትክልት። በሬ ወለደ አላለም፣ በግልጽ ጠየቀ፤ የተሻለ እለውጥሃለሁ፣ ካልሆነ በገንዘብ እገዛሃለሁ አለ። ናቡቴ «የአባቶቼን ርስት አልሰጥህም» አለው። ርስት የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ ንጉሡ ምን አደረገ? ቤቱ ገባ፣ አልጋው ላይ ተኛ፣ ፊቱን መለሰ፣ እህል አልበላም አለ። እስቲ አስቡት። በአሦሩ ንጉሥ በሦስተኛው ስልምናሶር ጽሑፍ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ853 በቃርቃር ጦርነት 2,000 ሠረገላና 10,000 እግረኛ አሰለፈ የተባለው አክዓብ ነው ይህ። ሁለት ሺህ ሠረገላ ያለው ሰው በአንዲት የጓሮ ቦታ አኩርፎ ይተኛል።

ለምን አልነጠቀም? ስለማይችል። ከሕግ በላይ የሚነግሥ ንጉሥ የምታውቀው ሚስቱ ነች፤ ኤልዛቤል የሲዶናውያን ንጉሥ ልጅ ናት። «አንተ ንጉሥ አይደለህም እንዴ?» ዓይነት ነገር አለችው። እሷም ቢሆን ወታደር አልላከችም። በንጉሡ ማኅተም ደብዳቤ ጽፋ ለከተማው ሽማግሌዎች ላከች፣ ጾም ታወጀ፣ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ቆሙ፣ ናቡቴ በድንጋይ ተወገረ። ግፍ ነው። ግን ግፉ ችሎት፣ ሽማግሌና ሁለት ምስክር አስፈልጎታል። ሕጉ የሌለ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ድራማ ምን አመጣው?

ሌሎቹ ነገሥታት ደግሞ መሬት ሲፈልጉ ሲገዙ እናያለን። ዳዊት የኦርናን አውድማ በነፃ ውሰድ ሲባል እንኳ 50 ሰቅል ከፈለ። የአክዓብ አባት ዘንበሪ የሰማርያን ኮረብታ ከሳምር በሁለት መክሊት ብር ገዛ፤ ከተማዋን የቆረቆረው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ማመን ያለብኝ ነገር አለ። ገደቡ ሁልጊዜ አልሠራም። ዳዊት ቤርሳቤህን ሲወስድና ኦርዮን ሲያስገድል ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው እንጂ ችሎት ያቆመው አልነበረም። ምናሴ ኢየሩሳሌምን በንጹሕ ደም ሞልቶ 55 ዓመት ገዝቷል። ጸሐፊው «በተግባር ብዙ ጊዜ ንጉሡ ያሸንፍ ነበር» ብለው ቢሆን ኖሮ ይህን ክፍል አልጽፈውም ነበር። እሳቸው ያሉት ግን «የሚጠይቀው አልነበረም» ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጽሑፉ በብዛት የተጋራው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። «ልጅ ነገሠ፣ ዘረኞች ከዱ፣ አገር ፈረሰች።»

ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር? 1ኛ ነገሥት 14፥21፤ ሮብዓም ሲነግሥ የ41 ዓመት ሰው ነበረ። አርባ አንድ! በእኛ ሰፈር በዚህ ዕድሜ ዕድር ይመራል። ለእውነት ያህል፣ በ2ኛ ዜና 13 ልጁ አብያ ስለ አባቱ ሲናገር ገና ብላቴና፣ ልቡ ያልጸና ነበር ይላል፤ ጸሐፊው ከዚያ ወስደውት ይሆናል። ግን ያ ልጅ አባቱን ሲከላከል በጦር ሜዳ ያሰማው ንግግር ነው።

ወደ ምክንያቱ ስንመጣ፣ ከሴኬም በፊት የሰሎሞንን ማዕድ ማየት አለብን። 1ኛ ነገሥት 4 የአንድ ቀን ቀለብ ይዘረዝራል፤ 30 ኮር መልካም ዱቄት፣ 60 ኮር መናኛ ዱቄት፣ 10 ፍሪዳ፣ 20 የተሰማራ በሬ፣ 100 በግ፣ ዋላውና ሚዳቋው ሳይቆጠር። ኮር በግምት አንድ አህያ የምትችለው ጭነት ነው። በየቀኑ ዘጠና አህያ ዱቄት ማለት ነው። ይህን የሚያቀርቡ 12 ሹማምንት ነበሩ፣ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ወር። በዕብራይስጡ ዝርዝር ውስጥ የንጉሡ የራሱ ነገድ የይሁዳ ስም በግልጽ አይታይም። በዚያ ላይ የግዳጅ ሥራ አለ፤ 30,000 ሰው፣ በየወሩ አሥር አሥር ሺህ ወደ ሊባኖስ። አንድ ወር እንጨት ቆረጣ፣ ሁለት ወር ቤት። ምዕራፍ 9 ላይ ሰሎሞን እስራኤላውያንን ባሪያ አላደረገም የሚል መኖሩን አውቃለሁ። ግን ምዕራፍ 5 ከእስራኤል ሁሉ ሠራተኛ እንደመለመለ ይናገራል፤ በኋላ የሰሜኑ ንጉሥ የሆነው ኢዮርብዓም ራሱ በዮሴፍ ቤት የጉልበት ሥራ ላይ የተሾመ ሰው ነበር። የሰሜኑን ምሬት ከነጉልበቱ ያውቀዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሰሎሞንን የምናውቀው በንግሥተ ሳባ ዓይን ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሁለቱ ነበር የሚቆጥረው። ንግሥቲቱ ግን እንግዳ ነበረች። የማዕዱን መብል አይታ ነፍስ አልቀረላትም ይላል መጽሐፉ። ዱቄቱን የጫነው ሰው ያየው ሌላ ነው።

አሁን ሴኬም እንግባ። ሮብዓም ወደ ሴኬም ሄደ፤ ሕዝቡ ሊያነግሡት እዚያ ተሰብስበው ነበርና። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ጸሐፊው አላዩትም። ንጉሡ ነው ወደ ሕዝቡ የሄደው። ሕዝቡም አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡ፤ አባትህ ያከበደብንን ቀንበር አቅልልልን፣ እንገዛልሃለን። ስለ ዘር የሚል ቃል የለም። «ንጉሥ አንፈልግም» የሚልም የለም። ቅነሳ ነው የጠየቁት። ሮብዓም ሦስት ቀን ወሰደ። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ብታገለግላቸውና በበጎ ብትመልስላቸው ዘመናቸውን ሁሉ ያገለግሉሃል አሉት። አብሮ አደጎቹ ደግሞ ያችን የታወቀች ፉከራ አስጠኑት፤ ታናሿ ጣቴ ከአባቴ ወገብ ትወፍራለች፤ አባቴ በአለንጋ ገርፏችኋል፣ እኔ በጊንጥ እገርፋችኋለሁ። እሱም ጠንካራ መሪ መስሎ መታየት ፈለገ መሰለኝ፤ የአለንጋና የጊንጧን ደገማት።

«በዳዊት ዘንድ ምን ክፍል አለን?» የሚለው መፈክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጸሐፊው መፈክሩን ጠቅሰው ጥያቄውን ትተውታል። ሮብዓም ከዚያ በኋላ እንኳ ማንን እንደላከ እዩ፤ አስገባሪውን አዶኒራምን። ቀንበር ከበደን ላለ ሕዝብ፣ ቀንበር ጫኙን። ሕዝቡ በድንጋይ ወገረው፤ ንጉሡ ሠረገላው ላይ ዘልሎ ወደ ኢየሩሳሌም ፈረጠጠ።

«ለዘመናት አንድ ሆና የኖረች አገር» የሚሉትም ቢሆን ሒሳቡን እንሥራ። ዳዊት በኢየሩሳሌም 33 ዓመት፣ ሰሎሞን 40። መጽሐፉ ራሱ የሚሰጠን 73 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ሰማርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 አካባቢ እስክትወድቅ ድረስ ሁለቱ መንግሥታት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ኖረዋል። ጎረቤቶቻቸውም እንደ ሁለት ነበር የሚያዩዋቸው። በ1993 እ.ኤ.አ. በሰሜን እስራኤል በቴል ዳን የተገኘው የአራማይክ ድንጋይ «የእስራኤል ንጉሥ» እና «የዳዊት ቤት» ብሎ ለይቶ ይጠራቸዋል። የሰሜኑ መንግሥት ግልበጣ የበዛበት መሆኑን አልክድም። ዘምሪ የነገሠው ሰባት ቀን ነው፤ ሰባት ቀን። የይሁዳ አንድ ሥርወ መንግሥት የረጋ ነበር ካሉኝ፣ አዎ፣ እቀበላለሁ።

ስለ ነቢያት አጭር እናገራለሁ። ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። አክዓብ ዘንድ «ውጣ፣ ድል ያንተ ነው» የሚሉ 400 ነቢያት ነበሩ፤ ናታንም የቤተ መንግሥት ሰው ነበር። ግን መጽሐፉ ከእነዚያ አራት መቶ የብዙዎቹን ስም እንኳ አልያዘልንም። ያቆየልን «ትሸነፋለህ» ብሎ እስር ቤት የገባውን የይምላን ልጅ ሚክያስን ነው። አሞጽን ደግሞ የቤቴሉ ካህን አሜስያስ ይህ የንጉሥ መቅደስ ነው፣ ሂድ አገርህ እንጀራህን ብላ ብሎ አባረረው። አማካሪ እንዲህ አይባረርም።

ነቢዩ ኤርምያስን ሳነሣ የይሁዳው ንጉሥ ሴዴቅያስ ትዝ ይለኛል። መኳንንቱ «ይህ ሰው ይገደል» ሲሉት እነሆ በእጃችሁ ነው፣ ንጉሡ ምንም ሊያደርጋችሁ አይችልም ብሎ መለሰ። ከሕግ በላይ የነበረው ንጉሥ ይህ ነው። ነቢዩን ከጭቃ ጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነበር። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ በሰው ሁሉ ፊት እነዚህ ሰዎች ክፉ አደረጉ አለው። ሠላሳ ሰው ተሰጠው። ገመድና አሮጌ ጨርቅ ይዞ ሄደ፤ ጨርቁን በብብትህ ከገመዱ በታች አድርግ አለው፣ ገመዱ እንዳይልጠው። የዘመኑ መንግሥት ውስጥ ለዚያች ጨርቅ ያሰበ ሌላ ሰው አልተጻፈም።

የመጨረሻው «ተራው ሰው ድርሻው መታዘዝ ነበር» የሚለው ነው። ዴሞክራሲ ነበር እያልኩ አይደለም። ሴቶች፣ ባሪያዎች፣ መጻተኞች በአደባባዩ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ነበር። ግን አደባባዩ ነበር፤ የከተማው በር። ቦዔዝ የሩትን ጉዳይ ሊጨርስ ሲፈልግ በሩ ላይ ተቀመጠ፣ አላፊውን ዘመዱን «ና እዚህ ተቀመጥ» አለው፣ አሥር ሽማግሌ ሰበሰበ፣ ጫማ ወለቀ፣ ጉዳዩ አለቀ። በቴል ዳን በር ላይ ሰዎች የሚቀመጡበት የድንጋይ መደብ ዛሬም ይታያል። ንጉሥ ማንገሥ ላይም «የምድሩ ሕዝብ» የሚባሉ ሰዎች እጃቸው አለበት። የይሁዳው ንጉሥ አሞን በባሪያዎቹ ሲገደል፣ ገዳዮቹን ገድለው የስምንት ዓመቱን ኢዮስያስን ያነገሡት እነሱ ናቸው። ኢዮስያስ ሲሞትም ልጁን ኢዮአካዝን መርጠው ቀቡት።

በ1960 እ.ኤ.አ. በያብኔ ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ከአንድ ትንሽ ምሽግ ውስጥ ቀለም የተጻፈበት የሸክላ ስባሪ ተገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ የተጻፈ አቤቱታ ነው። ባለጉዳዩ የቀን አጫጅ ነው። ለሹሙ «ጌታዬ የባሪያውን ነገር ይስማ» ብሎ ይጀምራል። አጭጄ፣ ለክቼ፣ ጎተራ አስገብቼ ጨረስኩ፤ ከዚያ የሸባይ ልጅ ሆሻያሁ መጥቶ ልብሴን ወሰደብኝ ይላል። አብረውኝ በፀሐይ ሲያጭዱ የነበሩ ወንድሞቼ ይመሰክሩልኛል፤ ጥፋት የለብኝም፤ ልብሴ ይመለስልኝ። ዘጸአት 22 የደሃን ልብስ በመያዣ ብትወስድ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት ይላል፤ ሌሊት የሚለብሰው እሱ ብቻ ነውና። አጫጁ ሕጉን በቁጥር አይጠቅስም። ግን ለማን እንደሚጮህ፣ ምስክር እንደሚያስፈልገው፣ ሹሙም ሊመልስለት እንደሚገባ ያውቃል። መጻፍ አይችልም ነበር መሰለኝ፤ ጸሐፊ ፈልጎ አስጽፏል ይባላል። የስባሪው የታችኛው መስመሮች ተቦርሸዋል፤ የሚነበበው የመጨረሻ ልመናው ልብሱን ነው።